ለፍሬሽማን የላይብረሪ ፍለጋን ማስተማር፦ ከአንድ የደቻቱ ጥያቄ መነሳት

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ኮሌጅ የሚገባ ፍሬሽማን ላይብረሪን የሚያውቀው በአብዛኛው የማጥኛ ቦታ አድርጎ ነው። ሃንድአውቱን ይዞ ይገባል፣ ወንበር ይይዛል፣ ያጠናል፣ ይወጣል። መደርደሪያውን ዞር ብሎ ሳያየው ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በትምህርት ቤት ዘመኑ መጽሐፍ በራሱ እጅ ፈልጎ ያላወጣ ልጅ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 60 ተማሪ አሰልፎ «ይህ ሰርኩሌሽን ነው፣ ያ ሪፈረንስ ነው» እያሉ ማዞር ይህን አይለውጥም። ተማሪው ገና የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ያየው ሁሉ በማግስቱ ይጠፋዋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፣ እና አንድ እውነተኛ አሳይመንት ይጠይቃል። ለላይብረሪ ባለሙያዎችና ለፍሬሽማን መምህራን የተጻፈ ነው።

ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት

ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ መምህሩን አግኙ። ለዚህ ሥራ የሚመቹት የጽሑፍ ሥራ ያለባቸው ኮርሶች ናቸው፤ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ የታሪክ ኮርሱ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ። ከመምህሩ የምትፈልጉት የአሳይመንቱን ወረቀት፣ የማስረከቢያውን ቀንና ፍለጋው ራሱ ማርክ እንደሚያዝለት የተሰጠ ቃል ነው። ከ100 ውስጥ 5 ይበቃል። ማርክ ካልተያዘለት ተማሪው ትምህርቱን እንደ ስብሰባ ይቆጥረዋል። መምህሩም ክፍሉ ውስጥ ይገኝ፤ የርዕሱ ጥያቄ ሲነሳ የሚመልሰው እሱ ነው።

ቀኑን አሳይመንቱ ከተሰጠ በኋላ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጉት። ከዚያ በፊት ከሆነ ጥያቄ የለም፤ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ከሆነ ደግሞ ተማሪው የሚፈልገው የሚገለብጠውን ብቻ ነው። ሰዓቱም ይታሰብበት። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ በሙቀት 30 ልጅ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማስተማር ጉልበት ማባከን ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ሐረር ላይ ሙቀቱ አያስቸግርም። በሁለቱም ከተሞች ግን ዓርብን ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ለጁምዓ ልቀቁት።

60 ተማሪ ያለውን ሴክሽን ለሁለት ክፈሉት። ለ30 ተማሪ 10 ኮምፒውተር፣ በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ልጅ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ የፍለጋውን መዝገብ ይይዛል፣ አንዱ ውጤቱን እያነበበ ይጠቅማል አይጠቅምም ይላል፤ በየ7 ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ሰዓት ይዛችሁ ካላስገደዳችሁ ኪቦርዱ መጀመሪያ በያዘው ልጅ እጅ ይቀራል፣ ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ። ቡድኑ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሐረሪም በአማርኛም ይወያይ፤ መዝገቡን ብቻ በትምህርቱ ቋንቋ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ብቻ ተወያዩ ሲባሉ ዝም የሚሉት ልጆች ብዙ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ያላቸው ናቸው።

አሳይመንቱን መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩት። በርዕሱ ላይ ያሉት ሁለት መጻሕፍት ብቻ ከሆኑና ፈላጊው 120 ተማሪ ከሆነ፣ ሁለቱንም ወደ ሪዘርቭ አስገብታችሁ ለሁለት ሰዓት ብቻ አውሱ። አለዚያ የመጀመሪያው ቡድን ይዞት ይሄዳል፣ ወይም ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ይሸሽገዋል።

መብራትና ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ አስባችሁ ተዘጋጁ። አምስት ጽሑፎችን በየኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። የካታሎግ (የላይብረሪው የመጻሕፍት ዝርዝር) ፍለጋ ውጤት የሚያሳዩ 10 ገጾች አትማችሁ ያዙ። መብራት ከጠፋ ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሥራ ማለፍ ነው፤ በወረቀትና በእግር የሚሠራው ክፍል ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ከርዕስ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ ቃል

ተማሪው ይዞት የሚመጣው ርዕስ ነው፦ «ጎርፍ በድሬዳዋ»። ይህን ሳይለውጥ ኮምፒውተር ላይ ከጻፈ የሚያገኘው ዜናና ፎቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ አሳልፉ። እያንዳንዱ ቡድን በርዕሱ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን የሚሉትን ጨምሮ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ፦ «ከ1998 ዓ.ም. ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ የጎርፍ አደጋን ለመቀነስ ምን ተሠራ?» ይህ ጥያቄ ከአምስት ገጽ ጽሑፍ ጋር ይመጣጠናል። «የጎርፍ መንስኤና መፍትሔ በኢትዮጵያ» ግን አይመጣጠንም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያመጣ ቡድን ቦታውንና ዘመኑን አጥብቦ ይመለስ።

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን ደቻቱን የመረጥነው በምክንያት ነው። በ1998ቱ ጎርፍ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ታሪኩን ከቤተሰቡ ሰምቶታል። ስለሚያውቀው ነገር ሲፈልግ፣ ያገኘው ጽሑፍ የተሳሳተ ወይም የጎደለ መሆኑን ቶሎ ይለያል። ሐረር ላይ የምታስተምሩ ከሆነ የድሮዋን ከተማ የሚከበው የጁገል ግንብ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ከዚያ ጥያቄው ውስጥ ያሉትን ዋና ሐሳቦች ለዩ። እዚህ ሦስት ናቸው፦ ጎርፍ፣ ድሬዳዋ፣ አደጋን መቀነስ። በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ በየዓምዱ ሥር ተመሳሳይ ቃላት ይሰብሰቡ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አራት። ጎርፍ በሚለው ሥር «ፍለድ»፣ «ፍላሽ ፍለድ»፣ ከዚያም «ተፋሰስ» እና «የደን መመናመን» ይግቡ፤ ውኃው ከሐረርጌ ደጋ ወርዶ ነው ከተማውን የሚመታው፣ ስለዚህ ስለ ላይኛው ተፋሰስ የተጻፈውም ይመለከተዋል። 15 ደቂቃ ስጡት። ብዙ ጊዜ ይመስላል፤ የቀረው ሥራ ግን በዚህ ሠንጠረዥ ላይ የቆመ ነው።

ዓመቱ፣ የቦታው ስም፣ የሰው ስም

በውጭ አገር የተዘጋጁ የላይብረሪ መመሪያዎች የማይነግሩን፣ የኛ ተማሪ ግን በየቀኑ የሚወድቅባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጊዜያችሁ ከጠበበ ሌላውን ቀንሱ፣ ይህን ግን አትንኩ።

መጀመሪያ ዓመቱ። ጎርፉ የደረሰው ሐምሌ ማብቂያ 1998 ዓ.ም. ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ዳታቤዝ ውስጥ 1998 ብሎ ሲጽፍ ውጤቱ ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ የሚያገኘው ሰነድ ስለ ሌላ ጎርፍ ይሆናል፣ እሱ ግን ትክክለኛውን ያገኘ ይመስለዋል። እዚያ መጻፍ ያለበት 2006 ነው። ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት 7 ደምር፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምር። ከዚያ ሁለት ልምምድ ስጡ፦ ጥቅምት 1998 ስንት ነው? 2005። ግንቦት 1999ስ? 2007። አዋጆች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 416/1996፣ በእንግሊዝኛ ቁጥር 416/2004 ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ተማሪው ግን ሁለት አዋጅ አድርጎ ሲጠቅሰው ይታያል።

ሁለተኛ የቦታ ስም። ሐረር በላቲን ፊደል ሲጻፍ መካከሉ ላይ «ኤ» ወይም «ኢ» ሊገባ ይችላል፤ በድሮ መጻሕፍት ደግሞ በሁለት «አር» ተጽፎ ይገኛል። ድሬዳዋ በአንድ ቃልም በሁለት ቃልም ይመጣል። ሁለት ቃል ሆኖ ሲጻፍ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካልገባ አደጋ አለው፦ ማሽኑ ቃላቱን ለየብቻ ይፈልግና በደቡብ ስላለው የዳዋ ወንዝና ስለ ገናሌ ዳዋ የተጻፈውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በአማርኛ ካታሎግም ነገሩ ቀላል አይደለም። «ሐረር» እና «ሀረር»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለካታሎጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፍለጋው ባዶ ሲሆን ተማሪው «መጽሐፉ የለም» ብሎ ከመውጣቱ በፊት የሀን፣ የሰን፣ የአንና የጸን ዘሮች እየለዋወጠ እንዲሞክር አስለምዱት።

ስሞች ይለወጣሉም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ አለማያ ነበር፤ የቆየ የእርሻ ጥናት የሚገኘው በአለማያ ስም ነው። ድሬዳዋ ራሷን ችላ ከመደራጀቷ በፊት የተጻፈው አስተዳደራዊ ሰነድ የሚገኘው በሐረርጌ ሥር ነው። ስለ ጁገል የሚሠራ ተማሪ ደግሞ በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለው በሐረሪ አስመዲን በሪ፣ ኤረር በር የሚባለው አርጎብ በሪ መሆኑን ካላወቀ ከተጻፈው ግማሹን አያገኝም። ይህን ከሐረር የመጡ ተማሪዎች ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል፤ ሰሌዳውን ለእነሱ ስጡ።

ሦስተኛ የሰው ስም። የኛ አገር ካታሎግ ኢትዮጵያዊን ደራሲ የሚያስገባው በራሱ ስም ነው፤ የውጭ ዳታቤዝ ግን የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድማል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በኛ ካታሎግ «ባሕሩ» ላይ ናቸው፣ በብዙ የውጭ ዝርዝሮች ግን «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል። በተማሪው ጽሑፍ መጨረሻ በሚገኘው የማጣቀሻ ዝርዝርም አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ የሚቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቀረው ጊዜ ኮምፒውተሩን ክፈቱ። «ኤንድ» እና «ኦር» የሚባሉትን ማያያዣዎች ከሠንጠረዡ ጋር አያይዛችሁ አሳዩ፦ በአንድ ዓምድ ውስጥ ላይ ታች ያሉት ቃላት በ«ኦር» ይያያዛሉ፣ ዓምድና ዓምድ በ«ኤንድ»። «ኦር» ያሰፋል፣ «ኤንድ» ያጠብባል። በትልልቅ ፊደል ይጻፉ፤ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር «ኦር»ን በትንንሽ ፊደል ከተጻፈ እንደ ማያያዣ አይቆጥረውም። የ«ኦር» ቡድን በቅንፍ ይታጠር። በእያንዳንዱ ሙከራ የተጻፈው ቃልና የተገኘው ውጤት ብዛት በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ውጤቱ ከ20 በታች ከሆነ በ«ኦር» ቃል ይጨመር፤ በመቶዎች ከሆነ አንድ ዓምድ በ«ኤንድ» ይጨመር። ይህች ልምድ ብቻዋን ከብዙ ማብራሪያ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ መደርደሪያውና ዳታቤዙ

20 ደቂቃ ለመደርደሪያ። መጻሕፍትን በቁጥር በሚለየው በዲዊ አመዳደብ አንድ ርዕስ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ጎርፍ እንደ ተፈጥሮ ክስተት 551.489 ላይ፣ እንደ አደጋና እርዳታ 363.3493 ላይ፣ እንደ ምህንድስና መከላከያ 627.4 ላይ ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ሦስት ቡድን ወደ ሦስቱ የጎርፍ ቦታዎች ላኩና እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይመለስ። ከዚያ ጠይቋቸው፦ ለእኛ ጥያቄ የትኛው መደርደሪያ ይቀርባል? ላይብረሪያችሁ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የሚሠራ ከሆነ ኢትዮጵያ ዲ-ቲ 371 እስከ 390 ላይ ናት፤ ልምምዱ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚደርስ ስህተት አለ። ተማሪው ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ያነበዋል፤ 3493 ከ7 ስለሚበልጥ 363.3493ን ከ363.7 በኋላ ይፈልገዋል። በካርቶን ላይ 363.7፣ 363.34፣ 363.5 እና 363.3493 ጽፋችሁ ለየቡድኑ ስጡና ይደርድሩ። ትክክሉ 363.34፣ 363.3493፣ 363.5፣ 363.7 ነው። ከነጥቡ በኋላ አኃዝ በአኃዝ እንደሚነበብ በአፍ ብቻ ብትነግሯቸው ይረሱታል፣ በእጃቸው ከደረደሩት ግን አይረሱትም። ሌላም ጥብቅ ነገር፦ ያወጡትን መጽሐፍ ራሳቸው አይመልሱት፣ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ ከጠፋ መጽሐፍ አይለይም።

ቀሪው 30 ደቂቃ ለጆርናሎች። ተማሪው ጽሑፍ ጠቅ ሲያደርግ የክፍያ ገጽ ከመጣበት ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው አገልግሎት፣ የጤናው ሂናሪና የእርሻው አጎራ ያሉበት ማለት ነው፣ ኢትዮጵያን ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙ አገሮች ጋር መድቧታል፤ ተቋሙ መመዝገብ አለበት፣ የይለፍ ቃሉም ላይብረሪው ዘንድ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ብቻ ሳይሆን መምህርም ብዙ ነው። የሐረር ጤና ተማሪ ከሂናሪ ቢጀምር ይሻለዋል። በአፍሪካ የሚታተሙ ጆርናሎች ደግሞ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ አሉ፤ ከኢትዮጵያም ብዙ አለበት። ስለ አካባቢው ብዙ የሚገኘው ግን በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ በነፃ ይከፈታል። አንድ ጥሩ መመረቂያ ጽሑፍ ከተገኘ መጨረሻው ላይ ያለውን የማጣቀሻ ዝርዝር ማንበብ ከአዲስ ፍለጋ ይበልጣል።

የተገኘውን መመዘን

«አስተማማኝ ምንጭ ተጠቀሙ» ማለት ለፍሬሽማን ምንም አይነግረውም። በቁጥር አሳዩት። የድሬዳዋ ሕዝብ ስንት ነው? ቡድኖቹ ይፈልጉ፤ አራት አምስት የተለያየ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ? በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ በዚያ ጊዜ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ ክልል 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ማናቸውም ቁጥር ትንበያ ነው። ትንበያ መጥቀስ ነውር የለበትም፤ ማን፣ በየትኛው ዓመት እንደተነበየው መጻፍ ግን ግዴታ ነው። ይህን አንዴ የሠራ ተማሪ ሌላውንም ቁጥር ከየት መጣህ ማለት ይጀምራል።

በቴሌግራም ቻናል የሚዞረው ፋይል ስሙና ዓመቱ ተቆርጦ ስለሚመጣ አይጠቀስም፤ ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ በስኮላር ላይ ዋናውን መፈለግ ነው። ከቻት ሮቦት የተገኘ የማጣቀሻ ዝርዝርም እንዲሁ አንድ በአንድ ይጣራ፤ እውነት የሚመስል ደራሲና ርዕስ ፈጥሮ ያቀርባል። በካታሎግም በስኮላርም ካልተገኘ፣ ስሞቹን ገለባብጦም ካልተገኘ፣ ይጣል።

መዝገቡ

እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ገጽ ላይ ጥያቄውን፣ የቃላት ሠንጠረዡን፣ ቢያንስ አምስት ፍለጋዎችን ከውጤታቸው ብዛት ጋር፣ የመረጣቸውን ሦስት ምንጮች ያስረክባል፦ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የጆርናል ጽሑፍ፣ አንድ መንግሥታዊ ሰነድ። ከየምንጩ ጎን ለምን እንደተመረጠ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ደራሲ፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ አሳታሚና ገጽ መጽሐፉ እጃቸው ላይ እያለ ይመዝገብ፤ በኋላ ዶርም ገብተው ገጹን ሊያስታውሱ አይችሉም። «ምንጭ፦ ጉግል» ብሎ የመጣ ይመለስለት።

መዝገቡን ስታርሙ ከምንጮቹ በፊት አምስቱን ፍለጋዎች እዩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተለውጧል? ዓመቱ ተቀይሯል? የቦታው ስም በሌላ አጻጻፍ ተሞክሯል? አምስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ያንን ቡድን ለ15 ደቂቃ ጠርታችሁ ከሠንጠረዡ እንደገና አስጀምሩት። እርማቱን በሦስት ቀን ውስጥ መልሱላቸው፣ ጽሑፋቸውን ገና እየጻፉ ሳለ እንዲደርስላቸው።